ዲኤንኤ ብቻውን ያስፈርዳል?

«ዲኤንኤው ተገኝቷል» ሲባል ብዙዎቻችን «በቃ፣ አለቀለት» እንላለን። ፍርድ ቤቶች ግን እንደኛ አይቸኩሉም። ሁለት የይግባኝ ውሳኔዎችን እናሳያችሁ።

የመጀመሪያው የአውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በደቡብ አውስትራሊያ በቡድን የመጡ ሰዎች አንድ ቤት ገብተው ጥቃት ፈጸሙ። ከተጎጂዎቹ አንዱ ሞተ፣ ሌላው ክፉኛ ተጎዳ። ከተከሳሾቹ አንዱን ከቤቱ ጋር የሚያገናኘው ማስረጃ ግን አንድ ብቻ ነበር፦ ዲጀሪዱ በሚባል ረጅም የእንጨት የትንፋሽ ሙዚቃ መሣሪያ ላይ የተገኘ ዲኤንኤው። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የመጀመሪያው ይግባኙም ውድቅ ሆነ።

በ2014 የአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሽሮ በነፃ አሰናበተው። ምክንያቱ? ሰውየው ከጥቃቱ በፊት በነበረው ምሽት ከሌላኛው ተከሳሽ ጋር ተጨባብጦ ነበር። ዲኤንኤ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከዚያም ወደ ዕቃ ሊሻገር ይችላል። ዐቃቤ ሕግ «በጥቃቱ ጊዜ ከደሙ የመጣ ነው» ቢልም፣ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አልቻለም።

ሁለተኛው የእንግሊዝ ነው። አንዲት ሴት መኪናዋ ውስጥ እንዳለች የአንገት ሐብሏን ተዘረፈች። በበሩ እጀታ ላይ ዲኤንኤ ተገኘ፤ ባለቤቱ ተያዘ፣ ተፈረደበት። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው፤ ዲኤንኤ ብቻውን እንዳይበቃ የሚከለክል ሕግ የለም አለ።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው? የእንግሊዙ ፍርድ ቤት መታየት አለባቸው ካላቸው ውስጥ እነዚህ ይገኙበታል፦

• ዲኤንኤው እዚያ ስለመገኘቱ ሌላ ማብራሪያ አለ?
• ዕቃው ከወንጀሉ ጋር በቀጥታ ይገናኛል?
• በቀላሉ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ነው?
• ናሙናው የብዙ ሰው ከሆነ፣ ዋናው ድርሻ የተከሳሹ ነው?
• በቀጥታ ነካው ወይስ በሌላ ሰው በኩል ተሻገረ?

የመኪናው እጀታ ሌባው የሚከፍተው ነገር ነው፤ ብቻውን ከቦታ ቦታ አይሄድም፤ ሌላ ማብራሪያም አልቀረበም። ዲጀሪዱው ላይ ግን የእጅ ለእጅ ሰላምታው ጥያቄ አልተዘጋም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዲኤንኤ «የማን ነው?» ለሚለው ይመልሳል። «መቼና እንዴት እዚያ ደረሰ?» ለሚለው ግን ብቻውን አይመልስም። ያንን ክፍተት የሚሞሉት የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃዎች ናቸው። ክፍተቱ ካልተሞላ ጥርጣሬው ለተከሳሹ ይሆናል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ዲኤንኤው ተገኘ» የሚል ዜና ስታዩ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁ፦ ምን ላይ? እንዴትስ ደረሰ? አንድ ሰው ዕድሜ ልክ ከመታሰር የተረፈው ዳኞች ይህንን ስለጠየቁ ነው።