ቡጢኛው ለታላቁ ፍልሚያ ማንን ይመርጣል?

ቅዳሜና እሁድ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ ባሉት የጉለሌ ዲኤስቲቪ ቤቶች አንድ ክርክር አይጠፋም። አርሰናልም ይሁን ማንቸስተር፣ ቡድኑ የተሸነፈበት ደጋፊ መጀመሪያ የሚያነሳው አሰልጣኙን ነው። «ቅያሪው ዘገየ»፣ «አሰላለፉ ልክ አልነበረም» ይላል። ከጎኑ ያለው ደግሞ «ጎል የሳተው አሰልጣኙ ነው እንዴ?» ብሎ ይመልስለታል። ክርክሩ ሳይቋጭ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቁርጥ ያለ መልስ የሚገኘው ከእግር ኳስ ይልቅ ከቦክስ ነው። እ.ኤ.አ በ2005 ኢስታንቡል ላይ ሚላን 3 ለ 0 ሲመራው ራፋኤል ቤኒቴዝ 15 ደቂቃ እረፍትና የሚቀይራቸው ተጫዋቾች ነበሩት። የቦክስ አሰልጣኝ ግን በየዙሩ መሀል ያለችው አንዲት ደቂቃ ብቻ ናት። ቀይሮ የሚያስገባው ሰው የለም። በዚያች ደቂቃ ደም ይቆማል፣ እብጠት ይበርዳል፣ ቀጥሎ የሚሠራው ይነገራል። ካስፈለገም «በቃ!» ይባላል። እናም ቡጢኛ አሰልጣኝ ሲመርጥ የሚመርጠው በክፉ ቀን የሚሰማውን ሰው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማይክ ታይሰንን ክንድ የማያውቅ የለም። ኮርነሩ ላይ የነበሩትን ሰዎች ግን የሚያነሳቸው ጥቂት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገው ከስ ዳማቶ በኖቬምበር 1985 ሲሞት ኃላፊነቱ በኬቨን ሩኒ እጅ ቀረ። ሩኒ ኮርነሩ ላይ እያለ ታይሰን በኖቬምበር 1986 ትሬቨር በርቢክን በሁለተኛው ዙር አሸንፎ በ20 ዓመቱ በታሪክ ወጣቱ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በጁን 1988 ማይክል ስፒንክስን ለመዘረር የፈጀበት ጊዜ 91 ሰከንድ ነው። በዚያው ዓመት ሩኒ ተባረረ።

ውጤቱ ቶኪዮ ላይ ታየ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ታይሰን ከበስተር ዳግላስ ጋር ሲገናኝ አቋማሪዎች ለዳግላስ የሰጡት ግምት 42 ለ 1 ነበር። ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ተጋጣሚው ጉያ ውስጥ የሚገባው ያ ታይሰን ግን በቦታው አልነበረም። በኮርነሩ የነበሩት ኤሮን ስኖውልና ጄይ ብራይት እብጠት የሚያበርዱበትን ብረት እንኳ አልያዙም። ዓይኑ ሲያብጥ በላስቲክ ጓንት የበረዶ ውሃ ሞልተው ነበር የሚይዙለት። አጅሬ በ10ኛው ዙር ተዘረረ፤ የአፍ መከላከያውን ከወለል ለማንሳት በአራት እግሩ ሲዳክር ዓለም ተመለከተው። በእርግጥ ታይሰን ራሱም በቂ ልምምድ እንዳልሠራ በኋላ ተናግሯል። ነገሩም ይኸው ነው፤ «ተነስ፣ ሩጥ» ብሎ የሚያስገድደው ሰው አጠገቡ አልነበረም።

ሌኖክስ ሉዊስ የመረጠው ተቃራኒውን ነው። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1994 ዌምብሌይ ላይ ኦሊቨር ማኮል በአንዲት ቀኝ እጅ በሁለተኛው ዙር ጣለው። ያቺ ቡጢ በአጋጣሚ የመጣች አልነበረችም። የዲትሮይቱ ኢማኑኤል ስቱዋርድ የሉዊስን ክፍተት አጥንቶ ለማኮል ያዘጋጃት ነበረች። ሌላ ሰው ቢሆን ስቱዋርድን እንደ ጠላት ባየው ነበር። ሉዊስ ግን አሰልጣኙን አሰናብቶ ያሸነፈውን ሰው ቀጠረ! ድክመቱን ያወቀበት ሰው ድክመቱን ያርምለታል ብሎ ነው። አልተሳሳተም። በ1997 ማኮልን ተበቀለ፣ በኖቬምበር 1999 ሆሊፊልድን በነጥብ ረታ፣ በጁን 2002 ደግሞ ሜምፊስ ላይ ታይሰንን በስምንተኛው ዙር ዘረረ።

ነገር ግን ጥሩ አሰልጣኝ መያዝ ብቻውን አይበቃም። ሉዊስ በኤፕሪል 2001 ከሀሲም ራህማን ጋር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሲጋጠም ቦታው ከባህር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። ራህማን ቀደም ብሎ ገብቶ አየሩን ለመደ። ሉዊስ ላስቬጋስ ፊልም ሲሠራ ቆይቶ ዘግይቶ ደረሰ፤ በአምስተኛው ዙርም ተዘረረ። ጎኑ የነበረው ያው ስቱዋርድ ነው። ከፍታ ትንፋሽን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እንጦጦ ሥር ለሚኖር የጉለሌ ሰው አይነገረውም። በኖቬምበር ሉዊስ በአግባቡ ተዘጋጅቶ ሲመለስ ራህማን ከአራተኛው ዙር አላለፈም።

ኢትዮጵያ በቦክስ እስካሁን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የላትም። የአሰልጣኝን ዋጋ ግን ቀድማ ያየችው በሩጫ ነው። ሮም ላይ በ1960 አበበ ቢቂላና ስዊድናዊው አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከውድድሩ በፊት የማራቶኑን ጎዳና ሲያጠኑ የአክሱምን ሐውልት ከመጨረሻው ብዙም ሳይርቅ ቆሞ አገኙት። አፈትልኮ መውጫው እዚያ እንዲሆን ተወሰነ። ሴፕቴምበር 10 ምሽት ላይ አበበ ሞሮኳዊውን ራዲን የተለየው በዚያው አካባቢ ነው፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። እግሩ የአበበ ነው። «የት ጋ ልውጣ?» የሚለው ግን አስቀድሞ የተመከረበት ጉዳይ ነበር።

ይሁንና ሯጭ ሲደክመው ያቋርጣል። ቡጢኛ ግን ብዙ ጊዜ «በቃኝ» አይልም፤ ስለዚህ የሚልለት ሰው ያስፈልገዋል። ኦክቶበር 1 ቀን 1975 ማኒላ ላይ ጆ ፍሬዘርና መሐመድ አሊ ለሦስተኛ ጊዜ ተገናኙ። 14ኛው ዙር ሲያልቅ የፍሬዘር ዓይኖች በእብጠት ሊከደኑ ደርሰው ነበር። አሰልጣኙ ኤዲ ፈች ፍልሚያውን አስቆመ። ፍሬዘር አንድ ዙር ብቻ እንደቀረው እያወቀ ለመነው፤ ፈች ግን አልሰማውም። አሊም አሸናፊነቱ ሲታወቅ ከመቀመጫው ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። «ትንሽ ቢታገስ ኖሮ» የሚሉ ዛሬም አሉ። ፈች ግን ያን ቀን ያሰበው ስለ ቀበቶው አልነበረም፤ ፍሬዘር በሕይወት ወደ ልጆቹ እንዲመለስ ነው። ፍሬዘርም እስከ 2011 ኖረ።

ዛሬ በጉለሌ አሸዋ የሞላ ጆንያ ሰቅሎ የሚደበድብ ወጣት ካለ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይውሰድ። «አንተን የሚችል የለም» የሚል አሰልጣኝ በየመንደሩ ሞልቷል። እሱን ሳይሆን «ዛሬ አልተዘጋጀህም፣ አትገባም» የሚለውን ይፈልግ። ካገኘውም ይስማው።