ያገለገለች የሸራ ጀልባ፦ ገንዘቡ መጀመሪያ የት ላይ ይዋል?

ሚያዝያ 19 ቀን 2015 ዓ.ም ምሽት ደቡብ አፍሪካዊቷ ኪርስተን ኖይሼፈር በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ ወደምትገኘው ሌ ሳብል ዶሎን ደረሰች። ከዚሁ ወደብ ተነሥታ ብቻዋን፣ በነፋስ ኃይል፣ የትም ወደብ ሳትገባ ዓለምን ለመዞር 235 ቀናት ፈጅቶባታል። “ጎልደን ግሎብ” የተሰኘውን ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆናለች።

ከድሉ ባልተናነሰ ትኩረት የሳበው የጀልባዋ ነገር ነው። ሚኔሃሃ የተባለችው ጀልባ ርዝመቷ 11 ሜትር ገደማ ሲሆን ዕድሜዋ ከ30 ዓመት በላይ ነበር። ለነገሩ ውድድሩ የሚፈቅደው ንድፋቸው እ.ኤ.አ ከ1988 በፊት የወጣ ጀልባዎችን ብቻ ነው። ተወዳዳሪዎች አቅጣጫቸውን የሚያውቁት በወረቀት ካርታ፣ በኮምፓስ እንዲሁም የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ በሚለካው ሴክስታንት ነው። በሳተላይት ቦታን የሚጠቁመው ጂፒኤስ ለአደጋ ጊዜ ብቻ ታሽጎ ይቀመጣል።

አሮጌ ጀልባ ይህን ያህል መጓዝ ከቻለች፣ ያገለገለች የሸራ ጀልባ የሚገዛ ሰው ምኑን ማደስ፣ ምኑን ማቆየት አለበት?

በአውሮፓና በአሜሪካ ወደቦች እ.ኤ.አ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፋይበርግላስ የተሠሩ በርካታ ጀልባዎች ዛሬም በአነስተኛ ዋጋ ይሸጣሉ። ፋይበርግላስ እንደ እንጨት አይበሰብስም፤ እንደ ብረትም አይዝግም። በዚህም ምክንያት የጀልባዋ አካል ከሸራዋ፣ ከሽቦዎቿና ከመሣሪያዎቿ የበለጠ ዕድሜ ይኖረዋል። ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አሮጌ መኪና ገዝቶ ፍሬኑንና ጎማውን ሳያስፈትሽ አዲስ ቴፕ እንደሚያስገጥም ሰው፣ አስቀድመው የሚገዙት ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ስክሪን ነው። ስክሪኑ ግን ምሰሶን ከመውደቅ አያድንም።

የመጀመሪያው ወጪ ምሰሶውን አቁመው ለሚይዙት የሽቦ ገመዶች ነው። ሽቦው ከውጭ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ ቢሆንም፣ ከማያያዣው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ውስጥ ውስጡን በጨው ሊበላ ይችላል። አንዲት ክር ተበጥሳ ከታየች ሽቦው በሙሉ መቀየር አለበት። ብዙ ባለሙያዎች ጉዳት ባይታይበት እንኳ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲተካ ይመክራሉ። ምክንያቱም አንድ ሽቦ በነፋስ መካከል ቢበጠስ ምሰሶው ከነሸራው ይወድቃል።

ሁለተኛው ወጪ ለሸራ ነው። ሸራ የጀልባ ሞተር ነው። ያረጀ ሸራ ስላልተቀደደ ብቻ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ጨርቁ ሲላላ በመሐሉ ይነፋል፤ የነፋሱም ኃይል ጀልባዋን ወደፊት ከመግፋት ይልቅ ወደ ጎን ያጋድላታል። ነፋስ በበረታ ጊዜ ይህ አደገኛ ነው። ሸራውን ለመፈተሽ ስፌቱን በጥፍር መፋቅ ይበቃል። ክሩ በቀላሉ ከተበጠሰ ፀሐይ በልቶታል ማለት ነው። ጨርቁ ጠንካራ ሆኖ ስፌቱ ብቻ ከተጎዳ ግን እንደገና በማሰፋት ብዙ ገንዘብ ማትረፍ ይቻላል።

አዲስ ሸራ የሚያሠራ ሰው ከሁለት ዓይነት ጨርቆች መካከል ይመርጣል። ዳክሮን የሚባለው እንደ ሸማ በድርና ማግ የሚሸመን ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፤ አያያዙ ካማረ ለዓመታት ያገለግላል። ሌላው ስስ ፕላስቲክና ጠንካራ ክሮች ተደራርበው የሚጣበቁበት ነው። ይህኛው ቅርጹን በተሻለ ይጠብቃል፤ ዋጋው ግን ውድ፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ለውድድር ሳይሆን ለጉዞ ለሚነሣ ሰው ዳክሮን ይበቃዋል።

ከጨርቁ ዓይነት በላይ የሚያሳስበው ሸራውን የማሳነስ ጉዳይ ነው። ዋናው ሸራ ነፋስ ሲበረታ ቢያንስ በሁለት፣ ቢቻል በሦስት ደረጃ ታጥፎ መታሰር መቻል አለበት። ከዚህ በተጨማሪ ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ ትንሽ የማዕበል ሸራ መያዝ ያስፈልጋል። ከሌላ ጀልባ የወጣ ሸራ የሚገዛም ሦስቱንም ጎኖች ከራሱ ምሰሶ ጋር አስቀድሞ ይለካ። በስፋት የማይገጥም ሸራ በርካሽ ቢገዛም ኪሳራ ነው።

መሣሪያዎች በሦስተኛ ደረጃ ይመጣሉ። ከእነርሱም መካከል ቅደም ተከተል አለ። ኮምፓስ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ስለዚህ አይታለፍም። የጥልቀት መለኪያው ጀልባዋ ከድንጋይ ወይም ከአሸዋ ጋር እንዳትላተም ይጠብቃል። የባሕር ሬዲዮ ደግሞ በቻናል 16 እርዳታ ለመጥራት ያስችላል። ኤአይኤስ የተሰኘው መሣሪያ የትልልቅ መርከቦችን ስም፣ ፍጥነትና አቅጣጫ ያሳያል። በሌሊት ወይም በጭጋግ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ከትልቅ ስክሪን ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። የነፋስ መለኪያና ዲጂታል ካርታ የሚያሳይ ጂፒኤስ ከዚህ በኋላ ይገጠማሉ።

አሮጌውን ከአዲሱ ለማቀናጀት የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ማወቅ ይኖርበታል። የጀልባ መሣሪያዎች መረጃ የሚለዋወጡበት የጋራ “ቋንቋ” አላቸው። እ.ኤ.አ በ1983 የወጣው ቋንቋ ከኋላ ከመጣው ጋር በቀጥታ አይግባባም፤ በመካከላቸው አስተርጓሚ መሣሪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ የነበረው የጥልቀት መለኪያ የሚሠራ ከሆነ ሁሉን ነቅሎ ከመጣል በፊት አስተርጓሚውን መጠየቅ ይሻላል። የባትሪውን አቅምም ማስላት ተገቢ ነው። ብዙ መሣሪያ ገጥሞ ባትሪው እኩለ ሌሊት ላይ ካለቀ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጨልማሉ። በዚያች ሰዓት የሚተርፈው የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ነው።

ሸራና መሣሪያ እንዴት እንደሚደጋገፉ ኅዳር 2015 ዓ.ም ላይ በሕንድ ውቅያኖስ ታይቷል። የፊንላንዳዊው ተወዳዳሪ የታፒዮ ሌቲነን ጀልባ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጥማ እርሱ በነፍስ አድን ጎማ ላይ ቀረ። የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው ያለበትን ቦታ በሳተላይት አሳወቀ። 100 የባሕር ማይል ያህል ርቃ የነበረችው ኖይሼፈር የታሸገውን ጂፒኤስ እንድትከፍት ተፈቀደላት፤ ሌሊቱንም በሸራዋ ተጉዛ በማግሥቱ አገኘችው። ከዚያም ወደ አንድ የጭነት መርከብ እንዲሻገር ረድታ ውድድሯን ቀጠለች። መሣሪያው ሰውየው የት እንዳለ ነገራት፤ እርሱ ዘንድ ያደረሳት ግን ጠንካራ ምሰሶና ያልላላ ሸራ ነው።

በጣና ላይ ከባሕር ዳር ወደ ገዳማቱ የሚመላለሱት ጀልባዎች የሚንቀሳቀሱት በሞተር እንጂ በሸራ አይደለም። ይሁን እንጂ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስና ማዕበል የሐይቁ ሰዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። ያገለገለ ጀልባ ለመግዛት የሚያስብ ሰው እዚህም ቢሆን ቅደም ተከተሉ ያው ነው። መጀመሪያ የጀልባው አካልና ሞተሩ ይፈተሽ፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬት ይሟላ፤ ቀለሙና ጌጡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።