በቆቦ ማሳ ላይ የዱር እንስሳት መጠጊያ

ከወልድያ ተነስቶ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ወደ ቆቦ የሚገባ መንገደኛ በግራው ወደ ላስታ የሚወጣውን ገደላማ ተራራ፣ በቀኙ የዞብልን ሰንሰለት ያያል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ሜዳ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ ቆላ ብሔራዊ ፓርክ የለውም። ያንጉዲ ራሳ በምሥራቅ አፋር ውስጥ ነው፤ የሰሜን ተራሮችም በምዕራብ ሩቅ ናቸው። ቢሆንም ጅግራው፣ ቆቁ፣ ጥንቸሉ፣ ጃርቱ፣ ቀበሮው፣ ጅቡና ጉጉቱ እዚሁ አሉ። የሚያድሩትና የሚራቡት በገበሬ ይዞታ ላይ ነው፤ በድንበር በቀረ ቁጥቋጦ፣ በማሳ መሃል በቆመ ቁርቁራ፣ በወንዝ ዳር ባለ ባምባ፣ በግቢ ዙሪያ በተተከለ ቅንጭብ። በዚህ የራያ ቆላ የዱር እንስሳትን ዕጣ የሚወስነው አራሹ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በሌላው ዓለም በዚህ ጉዳይ የሚጻፍ መመሪያ ብዙውን ጊዜ «የመሬቱ ባለቤት» ብሎ ይጀምራል። እኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። ገበሬው በእጁ ያለው የይዞታ መብትና ያንን የሚያረጋግጥለት ደብተር ነው። የዱር እንስሳቱም የሕዝብ ሀብት ናቸው፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ዛፉ ግን ከዚህ ይለያል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል ደንን ከመንግሥት፣ ከማኅበረሰብና ከማኅበራት ደን ጎን ለጎን እውቅና ሰጥቶታል። እንስሳው የሕዝብ፣ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ፣ እንስሳው የተጠለለበት ጥላ ግን የገበሬው ነው ማለት ነው።

ይህ የሕግ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ወሎ በደንብ ያውቀዋል። ከ1977ቱ ድርቅ በፊትና በኋላ በእህል ለሥራ መርሐ ግብር ብዙ ኮረብታ ተከልሎ፣ እርከን ተሠርቶለት፣ ችግኝ ተተክሎበት ነበር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅና የቀበሌ ቁጥጥር ሲላላ ከዚያ ውስጥ ብዙው በአጭር ጊዜ ተጨፈጨፈ። የተከለው ሰው ራሱ ነው የቆረጠው። ክፋት አልነበረም፤ የእኔ ነው ብሎ የሚቆረቆርለት አልነበረም እንጂ። በዚያው ዘመን በገበሬው ማሳ መሃል የነበረው ቁርቁራ ግን ማንም ጥበቃ ሳይቀጥርለት ቆሞ ቀረ።

ቁርቁራን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ብዙዎች ገባ የሚሉት ይኸው ዛፍ ነው። በቆቦ ዙሪያ በማሽላው መሃል ተራርቆ ይቆማል፤ ሥሩ ጠልቆ ስለሚወርድ ከአዝመራው ጋር ለላይኛው እርጥበት ብዙ አይሻማም። ገበሬው ከማረሱ በፊት ቅርንጫፉን ይመለምለዋል። የተመለመለው እሾህ ለአጥር ይሆናል፣ ቅጠሉን ፍየልና ግመል ይበሉታል፣ ግንዱ ደግሞ እንደገና ያቆጠቁጣል። ክረምቱ ሲያልፍ ቢጫ አረንጓዴ የሆኑ ጥቃቅን አበቦች ያወጣል። ያን ጊዜ ከዛፉ ሥር የቆመ ሰው የንቡን ድምፅ ከንቡ በፊት ይሰማል። በየመን ከዚህ ዛፍ አበባ የሚቆረጠው የሲድር ማር በጣም ውድ ከሚባሉት ማሮች አንዱ ነው። ፍሬው በበጋው፣ ሌላ የሚበላ ነገር በጠፋበት ወራት ይበስላል። ልጆች ያራግፉታል፣ ሴቶች ለቅመው ገበያ ያወጡታል፣ የወደቀውን ወፉና ቀበሮው ይካፈሉታል። በእሾሃማው ቅርንጫፍ መካከል የተሠራ የወፍ ጎጆ ከእባብም ከጭልፊትም የተሻለ መከላከያ አለው። አንድ ዛፍ ይህን ሁሉ ሲያደርግ የሚይዘው ቦታ ከአንድ የበሬ ጥማድ መዞሪያ ብዙም አይበልጥም።

ቅጠሉን በክረምት የሚያራግፈው የግራር ዓይነትም ከዚህ የማይተናነስ ባለውለታ ነው። አዝመራው ፀሐይ በሚፈልግበት ወር እርቃኑን ይቆማል፣ በበጋው ለምልሞ ከብቱን ያስጠልላል፣ ፍሬውም መኖ ይሆናል። ከሥሩ ያለው አፈር ከሌላው ማሳ የተሻለ ለም መሆኑን ደግሞ አራሽ ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ መጠጊያ መፍጠር ማለት ምን ማለት ነው? በግማሽ ሄክታር የሚተዳደር ሰው መሬቱን አጥሮ ለሚዳቋ ይተው የሚል ካለ ራያን አያውቅም። በአሜሪካ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬው ለመሸርሸር የተጋለጠውን መሬት ከእርሻ አውጥቶ ሣርና ዛፍ እንዲያበቅልበት መንግሥት ዓመታዊ ኪራይ ይከፍላል። እኛ ዘንድ ያ ገንዘብ የለም። ያለን ድንበሩ፣ ጉቶው፣ የወንዙ ዳርና የጓሮው አጥር ነው።

ከጉቶው ልጀምር። በቆቦ ማሳዎችና ኮረብታዎች ላይ የሞቱ የሚመስሉ ብዙ የግራርና የበደኖ ጉቶዎች ከሥራቸው በሕይወት አሉ። በየክረምቱ ያቆጠቁጣሉ፤ በየበጋው ከብት ይበላቸዋል ወይም ማረሻ ይነቅላቸዋል። ሥራው ቀላል ነው። ከሚያቆጠቁጡት መካከል ቀጥ ያሉትን ሦስት ወይም አምስት መምረጥ፣ ሌላውን መቁረጥ፣ የተመረጡትን ከሥር እስከ ግማሽ ቁመታቸው መመልመል፣ ከዚያ በእሾህ ከብቦ ከፍየል መጠበቅ። ችግኝ ጣቢያ አያስፈልግም፣ ውሃም አይጠይቅም፤ ሥሩ ከየትኛውም ችግኝ በፊት ጠልቆ የተቀመጠ ነውና። በወላይታ ሁምቦ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር ኮረብታ በዚህ መንገድ አገግሞ ማኅበራቱ የካርቦን ክፍያ እስከ ማግኘት ደርሰዋል። በኒጀር ደግሞ ገበሬዎች በዚሁ ዘዴ ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ የእርሻ መሬት ላይ ዛፍ መልሰዋል። የቆቦ አፈር ከኒጀር አፈር አያንስም።

ድንበሩ ሁለተኛው ነው። በሁለት ጎረቤታሞች ማሳ መካከል በየዓመቱ ማረሻ እየገፋ የሚያጠበው ሰርጥ ለጅግራና ለቆቅ መራቢያ ነው፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነውና። ሁለቱ ጎረቤቶች ተስማምተው ከየራሳቸው አንድ አንድ እርምጃ ቢተዉ፣ ቁልቋል ወይም እሬት ቢተክሉበት፣ ሣሩን አጨዳው ካለቀ በኋላ ብቻ ቢያጭዱት፣ ወፉም መራቢያ ያገኛል፣ የድንበር ክርክሩም ይበርዳል። ይህን ክርክር ለመዳኘት የተቀመጠ ሽማግሌ ሁሉ የምለው ይገባዋል።

የወንዙ ዳር ግን ከሁሉም የበለጠ ያሳስበኛል። ሆርማትና ጎሊና ከምዕራቡ ተራራ ድንጋይና ደለል ይዘው በድንገት ይወርዳሉ። የራያ ገበሬ ይህንኑ ጎርፍ ወደ ማሳው መርቶ ሲያርስ የኖረ ነው። ዳርና ዳሩ ባምባና ሾላ ሲኖረው ጎርፉ ቦዩን ይዞ ይሄዳል፤ ዛፉ ሲቆረጥ ግን ወንዙ እየሰፋ ማሳውን ይበላል። ሾላ በዓመት ውስጥ በየጊዜው ስለሚያፈራ ጦጣውም፣ ወፉም፣ የሌሊት ወፉም ከእሱ አይርቁም። ሁለት ሦስት ባምባ የቆሙበት የወንዝ ዳር ከአንድ ሄክታር ባሕር ዛፍ የበለጠ ሕይወት ይይዛል። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ያስፈልጋል፤ መጠጊያ ነው ብሎ ማቅረብ ግን ትክክል አይደለም።

ገበሬው «እንስሳ ጠርቼ እህሌን ላስበላ?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። ከርከሮና ጃርት በአንድ ሌሊት የሚያደርሱትን ጉዳት ያየ ሰው አይስቅበትም። ግሪሳ ደግሞ ከሁሉ የከፋች ናት። አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ትበላለች፤ አንድ ሚሊዮን ሆነው ሲያርፉ በቀን 100 ኩንታል ማለት ነው። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ልጅ ዐዋቂው ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ ከንጋት እስከ ምሽት የሚውለው በዚህ የተነሳ ነው። ነገር ግን ግሪሳ በሺዎች የሚቆጠር ጎጆዋን የምትሠራው ጥቅጥቅ ባለ የእሾህ ጫካ፣ በሸንበቆና በደንገል ውስጥ ነው። በማሳ ላይ ተራርቆ የቆመ ቁርቁራ አይበቃትም። ስለዚህ የምንመክረው መጠጊያ ሳሳ ያለ፣ የተመለመለና ከሥሩ የጠራ ነው። በየቦታው የተቀላቀለ ዛፍ ይኑር፣ ማሳ ዳር ግን ጫካ አይሁን። ከርከሮ የሚመላለስበት ኮረብታ ግርጌ ላይ የሚያርስ ሰው ደግሞ ድንበሩን በቅንጭብ ወይም በእሾህ በለስ ማጠር አለበት።

ጅብም ቢሆን ከስሙ የተሻለ ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በትግራይ ያጠኗቸው ጅቦች በሁዳዴ ጾም ምግባቸው ይለወጣል። ቄራውና ሥጋ ቤቱ ሥራ ሲያቆም አህያ ማደን ይጀምራሉ፤ በኩሳቸው ውስጥ የተገኘው የአህያ ፀጉር ከ14.8 ወደ 33.1 በመቶ ከፍ ብሎ ታይቷል። በሌላው ጊዜ ጥራጊያችንንና የሞተ ከብታችንን እየበሉ የሚያጸዱልን እነሱ ናቸው። በሁዳዴ አህያን በጠንካራ በረት ማሳደር ቀበሮና ጅብ ለመግደል መርዝ ከመበተን ይሻላል። መርዙ ውሻውንም ጥንብ አንሳውንም አይምርምና።

ስለ ጉጉት ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ብዙ ሰው በሟርት ይጠላታል፤ ጎጆዋ ካለበት ዛፍ በድንጋይ ያባርራታል። በሌሊት የምትለቅመው ግን ጎተራ የሚያራቁተውን አይጥ ነው። በእስራኤልና በዮርዳኖስ ገበሬዎች ለጉጉት የእንጨት ሣጥን በማሳቸው ላይ ሰቅለው የአይጥ መርዝ መጠቀምን ቀንሰዋል። በቆቦ ሣጥን መስቀል ሳያስፈልግ ባዶ ግንድ ያለው አሮጌ ዛፍ አለመቁረጥ ይበቃል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በራያ ቆቦና በአላማጣ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ሲያወድም ሕዝቡ ቆርቆሮ እየደበደበ ሲከላከል ነበር። አንበጣን በዚያ ብዛት ወፍ አይጨርሰውም። ይሁን እንጂ በመስከረምና በጥቅምት ከአውሮፓ የሚመጡት ሽመላዎች አንበጣና ፌንጣ ለቅመው ነው መንገዳቸውን የሚቀጥሉት። ከቀይ ባሕር ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወስደው የወፎች መንገድ በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ትላልቅ አእዋፍ የሚያልፉበት፣ ከዓለም ሁለተኛው ነው። የእነሱ ማረፊያ የታረሰ ማሳ፣ የወንዝ አሸዋና ረጃጅም ዛፍ ነው። ለአንበጣና ለግሪሳ የሚረጨው መድኃኒት እነሱንም ይነካል፤ በተለይ ለግሪሳ የሚረጨው ፌንቲዮን ጭልፊትና ጉጉትን ጭምር እንደሚገድል የታወቀ ነው።

የማይተከለውንም ላንሳ። ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ ጥላ አለው፣ ድርቅ ይችላል፣ ነገር ግን በአፋር የግጦሹን መሬት እንዴት እንደዋጠው ከዞብል ማዶ ማየት ይቻላል። በዚህ በኩል ሲበቅል ገና በችግኝነቱ ከነሥሩ መንቀል ነው። ቅንጬ አረምም የተጋጠና የተራቆተ ድንበር ሲያገኝ ይወርሰዋል። ሳያብብ በፊት፣ ቆዳ ስለሚያሳክክ እጅን ሸፍኖ፣ መንቀል ያስፈልጋል። የተተወ ድንበር ያልተጠበቀ ድንበር ከሆነ መጠጊያነቱ ለአረም ነው።

በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርተው ገበሬ አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው። በመስኖው ጫፍ የሚንጠባጠበውን ውሃ ጠጠር በተሞላ ጥልቀት በሌለው ጎድጓዳ ቦታ ቢያጠራቅመው፣ በበጋው ንቦች ሳይሰጥሙ ይጠጡበታል፣ ወፎችም ይመጡበታል። ማሽላና ጤፍ ለዘራቸው ንብ ብዙ አያስፈልጋቸውም። ፓፓያው፣ ማንጎውና ለዘር የተተወው ሽንኩርት ግን ነፍሳትን ይፈልጋሉ።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። የቆቦ ወረዳ የግብርና ባለሙያዎች በክረምቱ ዘመቻ የተተከለውን ችግኝ ቁጥር እንደሚመዘግቡ ሁሉ በየይዞታው የተጠበቀውን ጉቶና የቆመውን ቁርቁራም ይመዝግቡ፤ ያቆየውንም ገበሬ በስብሰባ ላይ ያመስግኑት። አንተም በይዞታህ ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት የምትረጭ ወንድሜ፣ ከመርጨትህ ከአንድ ቀን በፊት ቀፎ ላለው ጎረቤትህ ንገረው፤ አበባ ላይ አትርጭ፤ የምትረጨውም ንቡ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ፣ ሲመሽ ይሁን።