ጣና ዳር አሮጌ ኮምፒውተርና በውስጡ የቀረ ፊደል

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አሮጌ ኮምፒውተር ባሕር ዳር ሲገባ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ጀርባው ነው። የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ ብዙ ጊዜ ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ትገኛለች፤ በአንዱ በኩል 115፣ በሌላው 230 ተጽፎባታል። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ እዚህ 220። መቀየሪያዋ 115 ላይ እንዳለች ከተሰካ «ጧ!» ይልና የቃጠሎ ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል።

ምክንያቱ በስሌት ይገኛል። ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳ የሚመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ለውጦ በሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች ያጠራቅማል። የ220 ቮልት መብራት በሞገዱ ጫፍ ላይ 311 ቮልት ይደርሳል። መቀየሪያዋ 230 ላይ ስትሆን ሁለቱ ካፓሲተሮች ይካፈሉታል፤ ለእያንዳንዳቸው 155 ገደማ ይደርሳቸዋል። 115 ላይ ስትሆን ግን አነስተኛውን ቮልት እጥፍ ለማድረግ ሲባል እያንዳንዱ ካፓሲተር በየተራው ሙሉውን ይሸከማል። ብዙዎቹ ለ200 ቮልት የተሠሩ በመሆናቸው 311ን አይችሉም። ስለዚህ ጥገና የሚጀምረው ከማብራት በፊት ነው።

ቀጥሎ ክዳኑ ይከፈትና የማዘርቦርዱ ባትሪ ትፈለጋለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በወጡት 286፣ 386 እና 486 ማሽኖች ላይ ሰዓትና ቀን እንዳይጠፋ የምትጠብቀው ባትሪ ብዙውን ጊዜ እዚያው የተበየደች ኒኬል ካድሚየም ናት። ስታረጅ አልካሊ ታንጠባጥባለች፤ ፈሳሹ የመዳብ መስመሮቹን እየበላ አረንጓዴ ዝገት ይተዋል። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚከብድበት፣ ሐይቁም ደጃፍ ላይ በሆነበት ከተማ እርጥበቱ ጉዳቱን ያፈጥነዋል።

ማርከሻው ማድ ቤት አለ። ባትሪዋ ተቆርጣ ከወጣች በኋላ የተጎዳው ቦታ አቼቶ በነካ ጥጥ ይጠረጋል፤ የአቼቶው አሲድ የአልካሊውን ኃይል ይሰብረዋል። ከዚያ በተጣራ ውሃ ይታጠባል፣ በአልኮል ይወለወላል፣ በደንብ እስኪደርቅ ይቆያል። በምትኳ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን የሊቲየም ባትሪ ማስገባት ይቻላል። ማዘርቦርዱ ግን የድሮዋን ባትሪ ቻርጅ ያደርግ ነበር፤ ሊቲየሟ ደግሞ ቻርጅ መደረግ የለባትም። ስለዚህ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዲዮድ መሃል መግባት አለበት።

የከተማዋ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ጫፍ የሚሽከረከረውን ሳህን ሳይነካ በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል፤ አምራቾች ብዙ ጊዜ እስከ 3,000 ሜትር ስለሚፈቅዱ ለዲስኩ ስጋት የለም። የሳሳ አየር የሚወስደው ሙቀት ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ ፋኑን ከአቧራ ማጽዳትና በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ቅባት መለወጥ እዚህ ከወደብ ከተማ ይልቅ ያስፈልጋል።

ማሽኑ ከተነሳ በኋላ የማሻሻል ጥያቄ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የወጡት የኮር ቱ ዱዎ ማሽኖች ራም ተጨምሮላቸው ሃርድ ዲስካቸው በኤስኤስዲ ቢተካ ዛሬም ለተማሪ ያገለግላሉ። የሃርድ ዲስክ ክንድ የተፈለገውን ቦታ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲወስድበት ኤስኤስዲ በመቶ እጥፍ ያህል ይቀድመዋል። ነገር ግን የድሮው ዲስክ ከመጣሉ ወይም ፎርማት ከመደረጉ በፊት በውስጡ ያለው ሁሉ እንዳለ መቀዳት አለበት። እኔ ስለ አሮጌ ኮምፒውተር የምጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። በዶስና በቀደሙት ዊንዶውሶች ዘመን ለአንድ ፊደል የሚሰጠው አንድ ባይት ነበር፤ አንድ ባይት የሚይዘው 256 ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ ግማሾቹም ለላቲን ፊደላትና ለትእዛዞች ተይዘዋል። የእኛ 33 ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነ ቋና ሏ፣ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቦታው ሞልቶ ይፈሳል። እነ አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የመጡት በዚህ ጥበት ውስጥ ነው። ባለሙያዎቹ ፊደሉን በላቲን ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ አንዳንዴም ከአንድ በላይ በሆኑ ፎንቶች አከፋፈሉት። አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ የቻለው በእነሱ ድካም ነው።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ አምራች የየራሱን የቁጥር ሰንጠረዥ ተከተለ። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ «ሰ» አድርጎ የሚያሳየን ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ለሁሉም የጋራ የቁጥር ሰንጠረዥ የሆነው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን አካተተ። «ሀ» 4608 የሚል ቁጥር ደረሳት፤ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ማሽን ቁጥሯ ያው ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን፣ ከዚያም በኋላ በልማድ በድሮዎቹ ፎንቶች የቀጠለው፣ ራሱ ወደ ዩኒኮድ አልተሻገረም።

ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት የክብራን ገብርኤል ገዳም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ ባለ ሥዕል ወንጌል አለው። እሱን ለማንበብ ዓይንና የግዕዝ እውቀት ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ የጣና ገዳማትን ብራናዎች በማይክሮፊልም አንስተዋል፤ ለፊልሙ ብርሃንና ሌንስ ይበቃሉ። የዛሬ 30 ዓመት በፍሎፒ የተቀመጠ የአማርኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ፍሎፒ አንባቢ፣ ማሽን፣ ፕሮግራምና ፎንት ይፈልጋል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ጽሑፉ አይነበብም።

በእርጥበት ሻጋታ የያዘው ፍሎፒ እንዳለ ወደ ማሽኑ መግባት የለበትም፤ ሻጋታው የማንበቢያውን ጫፍ ያበላሻል፣ ጫፉም የዲስኩን ገጽ ይፍቃል። ቀድሞ በአልኮል በቀስታ ይጸዳል። ከዚያ 1.44 ሜጋባይቱ እንዳለ ይቀዳል፤ ፎንቱም አብሮ። ፎንቱ ካለ የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚስል አንድ በአንድ ማስፈር ይቻላል፤ ሰንጠረዡ አንዴ ከተሠራ ትንሽ ፕሮግራም ሺህ ገጹን ወደ ዩኒኮድ ይመልሰዋል።

ስለዚህ ቢሮ ሲጸዳ፣ ቤት ሲቀየር፣ አሮጌው ኮምፒውተር ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት መሳቢያው ይፈተሽ። «ፎንት» ተብሎ በእስክሪብቶ የተጻፈበት አንድ ፍሎፒ ከተገኘ ከማሽኑ ሁሉ በፊት እሱ ይቀመጥ፤ የተቀሩት ፍሎፒዎች አማርኛ የሚሆኑት በእሱ ነውና።