የጅቡቲ ተማሪ በየትኛው ቋንቋ ይሟገት?

ጅቡቲ ከተማ እኩለ ቀን አልፎ ከኢትዮጵያ የገባው ጫት ለየሰፈሩ ሲዳረስ የአገሩ ዋና ሙግት ይጀመራል። መብራዝ በሚባለው የመቃሚያ ክፍል ትራስ ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች ስለ ወደቡ ሥራ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ጎረቤት አገር ጦርነት በሶማሊኛ ወይም በአፋርኛ ይከራከራሉ። አንዱ በተረትና ምሳሌ ይጀምራል፣ ሌላው ግጥም ይመዝበታል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ያፈርሳል። ከተሟጋቾቹ መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪም አይጠፋም። ይኸው ተማሪ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ኤክስፖዜ፣ ማለትም የቃል ገለጻ፣ አቅርብ ሲባል ግን በፈረንሳይኛ የጻፈውን ወረቀት ካንገቱ ቀና ሳይል አንብቦ፣ ጥያቄ ሳይመጣበት ቢቀመጥ ይመርጣል። የሚለው አጥቶ አይደለም። ትናንት ሰው ሲረታ ያመሸው እሱ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ተቋሙ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃ ስትወጣ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። ከዚያም በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ ወጣት በአብዛኛው ወደ ፈረንሳይ ይሻገር ነበር፤ ደራሲው አብዱራህማን ዋበሪ በ1985 የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። በ2000 የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ተቋቋመ፤ በ2006 ደግሞ የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ተማሪው አገሩ ላይ መማር ቻለ፤ ቋንቋውና ወጉ ግን ከፈረንሳይ እንደመጣ ቀረ። በዚያ ወግ የሕግ ተማሪ ማንኛውንም ጉዳይ በሁለት ክፍል፣ እያንዳንዱንም ክፍል በሁለት ንዑስ ክፍል ከፍሎ እንዲጽፍ ይጠበቅበታል። ይህን ሥርዓት የሚያቃልሉ አሉ፤ እኔ አላቃልለውም። ሐሳብን መልክ ማስያዝ ትልቅ ችሎታ ነው። ሆኖም መልክ የሚያስይዘው ቀድሞ የተገኘን ሐሳብ ነው፤ ሐሳቡ ከሰው ጋር ተጋጭቶ የሚበስልበትን ቦታ ግን አይሰጥም። ለጅቡቲው ተማሪ ያ ቦታ ከግቢው ውጪ፣ በሌላ ቋንቋ ነው ያለው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ፒየር ቡርዲዩ በ1960ዎቹ እንዳሳየው፣ የዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ለማንም የእናት ቋንቋ አይደለም፤ የተማረ ቤተሰብ ልጅ እንኳ እንደ አዲስ ይማረዋል። ታዲያ ፓሪስ ያለውም ተማሪ የሚቸገር ከሆነ የጅቡቲው ችግር በምን ይለያል? ልዩነቱ በርቀቱ ነው። የፓሪሱ ተማሪ ካፌ ውስጥ ሲከራከርበት ያመሸውን ሐሳብ ጠዋት በዚያው ቋንቋ ከፍ ባለ አነጋገር ያቀርበዋል። የጅቡቲው ግን አንዱን ሐሳብ ከነተቃራኒው፣ ከነማስረጃው፣ ከነቀልዱ ወደ ሌላ ቋንቋ ማሻገር አለበት። ማሻገሩን ያስተማረው የለም። ተማሪ በዩኒቨርሲቲ የሚያገኘው የራሱ ድምፅ ደግሞ፣ እንደ እኔ እምነት፣ ይህ የማሻገር ችሎታ ነው።

ለዚህ የእኛው አገር ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር። ከ1958 ጀምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች በነፃ ትምህርት ዕድል የመጡ ተማሪዎች ሲጨመሩ ግቢው አዲስ ወሬና አዲስ ሐሳብ ሞላው። ያ ሐሳብ ከግቢ ውጪ የተሰማው ግን አማርኛ ሲለብስ ነው። በ1961 በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን ሲያነብ አድማጩ ማብራሪያ አላስፈለገውም። በ1965 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማው ሲሰለፉም ብዙ የተጻፈበትን የመሬት ጥያቄ ሁለት ቃል ውስጥ አስገብተውት ነበር። መንገዱ ደግሞ ወደ አንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1969 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የአማርኛን የበላይነት የሚሞግት ጽሑፍ በሌላ ቋንቋ መውጣቱ የሚገርም አይደለም። በወሩ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ ድምፅ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ይህን የምጽፈው የዚያን ትውልድ ሁሉን ነገር ለማድነቅ አይደለም። መፈክር ሙግት አይደለም፤ ኋላ ግቢው ውስጥ የተለየ ሐሳብ ላለው መድረክ እየጠበበ መሄዱ ከድክመቶቹ አንዱ ነው።

ወደ ጅቡቲ ስንመለስ የአገሬውን ቋንቋዎች ወደ ክፍል በማስገባት ላይ የሚነሳው ብርቱ ተቃውሞ የገለልተኝነት ነው። ፈረንሳይኛ የአፋሩም የሶማሌውም፣ ከየመን የመጣው ዓረብኛ ተናጋሪም የእናት ቋንቋ ስላልሆነ ማንንም አያስቀድምም፤ በ1991 የጀመረ የእርስ በርስ ጦርነት ያየ አገር ይህን ሚዛን መንካት አይገባውም ይባላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ግን ፈረንሳይኛን ከክፍል ማስወጣት አለብን ያለ የለም። ትራቮ ዲሪጄ በሚባለው አነስተኛ የውይይት ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች በቡድን ተከፍለው ጉዳዩን መጀመሪያ በሚቀናቸው ቋንቋ ይሟገቱበት፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን ክርክሩን፣ የተሸነፈውን ሐሳብ ጭምር፣ ለሌላው ቡድን በፈረንሳይኛ ያቅርብ። ያኔ አፋሩ ለሶማሌው የሚያስረዳው እውነተኛ ነገር ይኖረዋል፤ ገለልተኛ የተባለው ቋንቋም ለመምህሩ ነጥብ ሳይሆን ለመግባባት ይውላል። ሕጉም አይከለክልም፤ በ2000 የወጣው የትምህርት ሕግ ከፈረንሳይኛና ከዓረብኛ ጎን አፋርኛንና ሶማሊኛን ለትምህርት ፈቅዷል።

አፋርኛና ሶማሊኛ ለትምህርት የሚበቃ ቃላት የላቸውም የሚለው መከራከሪያ ግን ብዙ አያስኬድም። የአገሪቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ኤርቴዴ፣ ስለ በጀትና ስለ ወደብ ታሪፍ ዜናውን በአራቱም ቋንቋዎች ያሰማል፤ ሶማሊኛ በ1972 በላቲን ፊደል መጻፍ ከጀመረ ወዲህ የመጣበት መንገድም ቀላል አይደለም። ሥራ የሚገኘው በፈረንሳይኛ ነው የሚለው ደግሞ እውነት ነው፤ ከፊል እውነት ግን። ወደቡ ላይ የኢትዮጵያን ጭነት የሚያስተናግድ ሠራተኛ አማርኛ ባይችል ኪሳራው የራሱ ነው፤ የውጭ አገር የጦር ሰፈሮች ከተስፋፉ ወዲህም እንግሊዝኛ ዋጋው ጨምሯል። በእንዲህ ያለ ከተማ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ማሻገር የሚችል ሰው ሥራ አያጣም።

ተማሪውን ዝም ያሰኘው ቋንቋ ሳይሆን ፍርሃት ነው የሚሉም አሉ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የመንግሥት በሆነበት፣ ከ1999 ጀምሮ አንድ ፕሬዚዳንት በሚመራው አገር ይህን ማጣጣል አይቻልም። ያም ሆኖ ፍርሃት መብራዙ ውስጥም አለ፤ እዚያ ግን ሰው ይሟገታል፤ ምን እንደሚባልና እንዴት እንደሚባል ያውቃል። ክፍል ውስጥ ሁለት ሸክም ይደራረብበታል፤ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ሥልጣን ሊያነሳለት የሚችለው የቋንቋውን ነው።

«ተማሪው የልቡን መብራዝ ውስጥ ያውራ፣ ግቢው ለፈረንሳይኛ ይቅር» ለሚሉት ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። መብራዝ በአብዛኛው የወንዶች ቤት ነው። ሴቷ ተማሪ ከሰዓት በኋላ የእኩዮቿ ሙግት የሚደራበት ክፍል ውስጥ የለችም፤ ሐሳቧን ከወንዶቹ ጋር እኩል ተቀምጣ የምታጋጭበት ቦታ ቢኖር ያ የትራቮ ዲሪጄ ክፍል ነው። እዚያም በፈረንሳይኛ ብቻ ተናገሪ ከተባለች፣ በምታስብበት ቋንቋ የምታሸንፍበትም የምትሸነፍበትም ቦታ የት ነው?