ብሩሽ ስለ ማስቀመጥና ብሩሽ ስለ ማንሣት

ተማሪዎች በተሰበሰብን ቁጥር የሚነሣ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ይኸውም አገር በችግር ላይ ሳለች ሥዕል መሣል፣ ግጥም መግጠም፣ ክራር መደርደር ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። አንደኛው ወገን በመጀመሪያ እንጀራ ይቅደም ሲል ሌላው ከወንጌል እየጠቀሰ ይመልስለታል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ሁለቱም ሳይረታቱ ይለያያሉ። እኛ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ክርክሩን ለመዝጋት አይደለም። ነገር ግን ለዚሁ ጥያቄ በንግግር ሳይሆን በኑሯቸው መልስ የሰጡ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዷ እንግሊዛዊት፣ ሁለተኛው ኢትዮጵያዊ። ሁለቱም ሥዕልን በለንደን ተማሩ፣ ሁለቱም ብዙ ከደከሙ በኋላ በአዲስ አበባ ኖሩ። መልሳቸው ግን ፈጽሞ አይገጥምም።

ሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስትን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በልጃቸው በኩል ነው። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር እንደነበሩ በስድስት ኪሎ የተመላለሰ ሁሉ ሰምቷል። እናትየው ለኢትዮጵያ የተከራከሩ ጋዜጠኛ እንደነበሩም ይታወቃል። ሠዓሊ እንደነበሩ ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1882 በማንቸስተር ተወለዱ። በልጅነታቸው የወላጆቻቸውን ቤት ከሚያዘወትሩት እንግዶች አንዱ ዊሊያም ሞሪስ ነበር። ሞሪስ የታወቀ ባለቅኔና የእጅ ጥበብ ሰው ሲሆን፣ የሚያስተምረውም ጥበብ ለሀብታም ሳሎን ጌጥ ሆኖ መቅረት እንደሌለበት፣ ሠራተኛው በሥራው ደስ ሲሰኝ ከእጁ የሚወጣው ነገር ጥበብ እንደሚሆን ነበር። ልጅቱ ይህን ስትሰማ አደገች። በማንቸስተር የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በሽልማት ወደ ቬኒስ ተላኩ፤ ከዚያም በነፃ ትምህርት ዕድል ለንደን ወደሚገኘው ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ገቡ። በዚያም የነፃ ትምህርቱ ዕድል ለሴቶች እጅግ በጥቂቱ እንደሚሰጥ አይተው ዝም አላሉም፤ ኬር ሃርዲ የተባለው የሠራተኞች እንደራሴ ነገሩን በፓርላማ እንዲጠይቅላቸው አደረጉ። (ኮሌጁ በዚህ ደስ እንዳልተሰኘ መገመት አያስቸግርም።)

አሁን ልብ ልንለው የሚገባው የ1907 ዓመት ነው። ሚስ ሲልቪያ በዚያ ዓመት ቀለማቸውንና ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ሰሜን እንግሊዝና ወደ ስኮትላንድ ወጡ፤ አሳባቸውም ሠራተኛ ሴቶችን በሥራቸው ላይ እንዳሉ ለመሣል ነበር። በክራድሊ ሂዝ በመዶሻ ሰንሰለት የሚቀጠቅጡትን፣ በሌስተር ጫማ የሚሰፉትን፣ በዊጋን የድንጋይ ከሰል የሚለቅሙትን፣ በስታፎርድሺር ሸክላ የሚሠሩትን፣ በግላስጎው ጥጥ የሚፈትሉትን ሣሉ። ሥዕሎቹን የሠሩት በሰላማዊ ክፍል ተቀምጠው አይደለም፤ በፋብሪካው ውስጥ፣ መኪናው እየጮኸ፣ ሙቀቱ እያፈናቸው ነው። በሥዕሉም ሴቶቹ አዛኝ ዓይን የሚለምኑ ምስኪኖች ሆነው አይታዩም። ፊታቸውን ወደ ሥራቸው ያዞሩ፣ እጃቸው ሥራውን የሚያውቅ ሰዎች ናቸው። ከሥዕሉም ጋር ስንት ሰዓት እንደሚሠሩና ምን ያህል እንደሚከፈላቸው ጻፉ። እኛ ይህን ሥራ ከሁሉም አብልጠን እንወደዋለን።

ከዚያ በኋላ ግን ብሩሹ ቀስ በቀስ ከእጃቸው ወጣ። ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት የሚደረገው ትግል ጠንክሮ ነበር፤ እናታቸው ኤመሊን የትግሉ መሪ ነበሩ። ሲልቪያ ለማኅበሩ ዓርማና ሰንደቅ ነደፉ፤ ከዚያም ታሰሩ፣ በወኅኒ ቤት እህል አንበላም ካሉት መካከል ሆነው በግድ በቱቦ እንዲመገቡ ተደረገ። በዙሪያችን ይህን ያህል መከራ ሳለ በር ዘግቶ ለሥዕል መኖር ይገባልን የሚለው አሳብ ለረጅም ጊዜ ሲያስጨንቃቸው እንደኖረ በኋላ ራሳቸው ጽፈዋል። መልሱን የሰጡት በሥራ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ለንደን ድሆች ሠፈር ሄደው በዚያ ኖሩ።

በዚያ ሠፈር ካቋቋሙት ነገር አንዱን ብቻ እንጥቀስ። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከጀርመን ይመጣ የነበረው የሕፃናት መጫወቻ ቀረ፤ ብዙ ሴቶችም ከሥራ ወጡ። ሚስ ሲልቪያ እነዚህን ሴቶች ሰብስበው የመጫወቻ ፋብሪካ ከፈቱ፤ የአሻንጉሊቱን ንድፍ ሥዕል የተማሩ ሰዎች ያወጡ ነበር፣ ለሴቶቹም የሚከፈለው ከተራ ወንድ ሠራተኛ ደመወዝ እንዳያንስ ሆነ። በአቅራቢያው የነበረ አንድ መሸታ ቤትም የእናቶችና የሕፃናት መዋያ ሆነ። መሸታ ቤቱ «የጠመንጃ ሠሪዎች ክንድ» ይባል ነበር፤ እርሳቸው «የእናቶች ክንድ» አሉት። ሞሪስ ጥበብና ሥራ ይታረቁ ያለው በወረቀት ነበር፤ የታረቁት ምናልባት በዚህ ቤት ሳይሆን አይቀርም።

ወደ እኛ አገር ነገር እንምጣ። ሚያዝያ 27 ቀን ለኢትዮጵያዊ ምን እንደሆነ መንገር አያሻም። በ1928 ዓ.ም. በዚያ ቀን የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 1936 መሆኑ ነው። በዚያው ቀን ሚስ ሲልቪያ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ በእንግሊዝ አገር አወጡ፤ ሜይ 5 የልደታቸውም ቀን ነበር፣ 54 ዓመት ሞላቸው። የአውሮፓ መንግሥታት የኢትዮጵያ ነገር አለቀ ብለው ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ይህ ጋዜጣ 20 ዓመት ያህል ሳይቋረጥ ታተመ። በማተሙ ሥራ ይረዷቸው የነበሩት የኑሮ ጓደኛቸው ሲልቪዮ ኮርዮ ኢጣልያዊ ነበሩ። ይህን ለሚጠራጠር ሰው ደጋግመን እንነግረዋለን።

ከነፃነት በኋላም አላረፉም፤ በልዕልት ፀሐይ ስም ለሚሠራው ሆስፒታል በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ሰበሰቡ። በ1956 ደግሞ፣ ሰው የልጅ ልጅ በሚያቅፍበት በ74 ዓመታቸው፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ መጡና «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት ጀመሩ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ አረፉ፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ከአርበኞች ጋር ተቀበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ እንግሊዛዊ ትዝ ይለናል። ደራሲው ኢቭሊን ዎ በ1930 ለዘውድ በዓል፣ በ1935 ደግሞ የ«ዴይሊ ሜይል» ወኪል ሆኖ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በብዕር ሥራ ከሚስ ሲልቪያ ይበልጣል፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ያ ሁሉ ችሎታ የወረራውን ግፍ እንዲያይ አላደረገውም፤ በ1936 ባሳተመው መጽሐፉም ለኢጣልያ አደላ። ጥበብ ራሷ ሰውን ታቀናለች ለሚሉ ጓደኞቻችን ይህ የሚያስቸግር ምስክር ነው።

ሁለተኛው ሰው ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። የእርሳቸው መንገድ ከሚስ ሲልቪያ መንገድ በተቃራኒው ይሄዳል። በአንኮበር ተወልደው፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር። ከጦርነት ለወጣች አገር ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋታል? እርሳቸው ግን ምህንድስናውን ትተው ወደ ሥዕል ዞሩ፤ በኋላም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ስሌድ የተባለውን የሥዕል ትምህርት ቤት ገቡ። በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን የግል ትርኢታቸውን አሳዩ፤ ባገኙትም ገንዘብ ተመልሰው ወደ አውሮፓ ሄደው የመስኮት መስታወት ሥዕል ጥበብ ተማሩ። በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋው የመስታወት ሥዕላቸው ከዚያ ትምህርት የተገኘ ነው። ቴምብርም ነደፉ፣ የመጫወቻ ካርታም ሳይቀር። በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሠፈር ያለውን ቪላ አልፋን፣ መኖሪያቸውንና መሥሪያ ቤታቸውን፣ ንድፉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። በ2004 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ አንዷ ለወገን ብለው ብሩሹን አስቀመጡ፣ ሌላው ለወገን ብለው አነሡት። አንድ ተጨማሪ የማዕድን መሐንዲስ ቢኖረን ኖሮ ይሻል ነበር የሚል ካለ ወደ አፍሪካ አዳራሽ ሄዶ መስኮቱ ሥር ጥቂት ይቁም። በሌላ በኩል ግን ሎሬት አፈወርቅ የቤተ መንግሥት ድጋፍ ነበራቸው፤ ይህ ለእያንዳንዱ ተማሪ አይደርስም። ስለ ሚስ ሲልቪያም ቢሆን ሥዕሉን መተዋቸው ግድ ነበር ብለን አናምንም፤ የ1907ቱ ሥዕሎች ራሳቸው ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ሥራ ሠርተዋልና።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዘጋጆቹ ብዙዎቻችን የምንኖረው በነፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። (ነፋስ ስልክ የሽቦ አልባው ስልክ የቀድሞ ስሙ እንደሆነ፣ በሠፈሩም ስም የሚጠራ የቀለም ፋብሪካ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ቀለሙ ግን የሚበቃው ለግድግዳ ነው።) ጧት በጀሞ፣ በለቡ፣ በሃና ማርያም ስናልፍ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ሴቶች ባሬላ ለሁለት ይዘው አሸዋና ድንጋይ ሲያመላልሱ እናያለን። ሻርፕ አስረው፣ ከቀሚሱ ሥር ሱሪ ለብሰው፣ በአጣና ደረጃ ፎቅ ለፎቅ ይወጣሉ። በየካፌው የተሰቀለውን ሥዕል ብንቆጥር እንስራ የተሸከመች፣ ቡና የምታፈላ፣ እንዝርት የምታሾር ሴት ሞልቷል። ባሬላ የያዘችውን ግን እስከ ዛሬ አላየንም።

ስለዚህ የመሣል ችሎታ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ለሚቀጥለው እትም ከእነዚህ ሠራተኞች አንዷን ሥላችሁ እንድትሰጡን እንለምናለን። ስቴንስል ቀለምና ጥላ አይቀበልም፤ ንጹሕ መስመር ግን ይቀበላል። የምትሥሏት ሴት ፈቃዷን ትጠየቅ፤ ከሥዕሉም ግርጌ፣ ከነገረቻችሁ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትሠራና ምን ያህል እንደሚከፈላት ይጻፍ።