ታሪፉን ጠየቅን፤ መድኑንስ?

አውቶቡስ ተራን በማለዳ ያላየ ሰው አዲስ አበባን አይቻለሁ ለማለት አይደፍርም። ገና ጎሕ ሳይቀድ ሻንጣ ያንጠለጠለው ተማሪ፥ ጆንያ የተሸከመው ነጋዴ፥ ልጅዋን ያዘለችው እናት በበሩ ላይ ይተራመሳሉ። ረዳቱ የአገሩን ስም እየጠራ ይጮኻል። ከበሩ ውጭ ደግሞ ስልካቸውን በእጃቸው የያዙ ወጣት ሾፌሮች ቆመው፥ «ወዴት ነው፥ ወንድሜ? ራይድ አለ!» እያሉ መንገደኛውን ይቀበሉታል።

እኛም በቅርቡ እዚያው ቆመን የመንገደኛውንና የሾፌሩን ንግግር ስናዳምጥ ነበር። ከሁሉም አፍ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ስንት ነው?» የሚል ነው። «በመንገድ ብጎዳ ማን ያሳክመኛል?» ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው እንኳ አልሰማንም። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም ራሳችን ጠይቀን አናውቅም ነበርና።

ነገሩን እንድናስብበት ያደረገን በአንድ ጓደኛችን ላይ የደረሰው መከራ ነው። ይህ ወጣት መምህር ከክፍለ ሀገር ገብቶ ከአውቶቡስ ተራ በር ላይ አንድ መኪና ያዘ። ሾፌሩም፥ «አፑን እንተወውና በስምምነት እንሂድ፤ ለአንተም ይረክስልሃል» አለው። ጓደኛችን ጥቂት ብር ስለ ተረፈችው ደስ ብሎት ተሳፈረ። ብዙም ሳይሄዱ መኪናው ተጋጨ፤ የጓደኛችንም እግር ተሰበረ። መንገደኞች አንሥተው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ከወራት በኋላ ካሣ ለመጠየቅ ሲነሣ ግን የጉዞው መዝገብ በስልኩ ውስጥ የለም፤ የፖሊስ ማስረጃ አላወጣም፤ የሰሌዳውን ቁጥር አላየም። ከሾፌሩ የሚያውቀው የመጠሪያ ስሙን ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ለመሆኑ ሕጋችን ምን ይላል? በአገራችን ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይነዳ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ተደንግጎ ነበር፤ ይህም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። በሕጉ መሠረት የተሽከርካሪ አደጋ የደረሰበት ሰው አስቸኳይ ሕክምና ሊነፈገው አይገባም። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ላልገባ መኪና ተጎጂዎችም የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ይህ ሁሉ መልካም ነገር ነው።

ነገር ግን ታሪፍ ከፍሎ የሚሳፈር ሰው ከእግረኛው ለየት ይላል፤ ከአጓጓዡ ጋር ውል አለውና። ይህን ውል የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም የማጓጓዣውና የመድኑ ክፍል ሳይሻር ቀርቷል። በዚሁ ሕግ በቁጥር 597 አጓጓዡ ለአንድ ተሳፋሪ ያለበት ኃላፊነት ከ40 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ወሰኑ የሚነሣው አጓጓዡ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ያደረሰው ሲሆን ነው።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ሕጉ በወጣበት ዘመን 40 ሺህ ብር ማለት 16 ሺህ ያህል የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ መቋቋሚያ የሚሆን ሀብት ነው። ዛሬ ግን በባንክ ምንዛሪ አራት መቶ ዶላር እንኳ አይሞላም። ለተሰበረ እግር መጠገኛ እንጂ ለጠፋ ዕድሜ ምትክ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ተሳፋሪውን በሚገባ የሚጠብቀው፥ ባለመኪናው ወይም አገናኙ ድርጅት ለተሳፋሪ ብሎ በተጨማሪ የሚገባው መድን ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. የመጨረሻ ሌሊት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አንድ የኡበር ሾፌር የስድስት ዓመት ሕፃን ገጭቶ ገደለ። ድርጅቱም፥ ሾፌሩ በዚያ ሰዓት ተሳፋሪ አልያዘም ነበርና አይመለከተኝም አለ። ይህ ክርክር ካስነሣው ቁጣ በኋላ በተከታዩ ዓመት የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ሕግ አወጣ። በዚህም መሠረት ሾፌሩ ጥሪ ከተቀበለበት ደቂቃ ጀምሮ ተሳፋሪው እስኪወርድ ድረስ የ1 ሚሊዮን ዶላር መድን እንዲኖር ግዴታ ሆነ። እዚያ ኃላፊነቱ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ በግልጽ ተጽፏል። የእኛም ሕግ አውጪዎች እንዲህ ያለውን ነገር አስበው፥ በ1952 ዓ.ም. የተወሰነውን ገንዘብ ከዛሬው ኑሮ ጋር ቢያስተካክሉት መልካም ነው እንላለን።

እስከዚያው ድረስ ግን እኛ ተሳፋሪዎች ልናደርገው የምንችለው አለ። ሾፌሩ ከአፑ ውጭ እንሂድ ቢለን እምቢ ማለት ነው፤ የምትተርፈው ጥቂት ብር የጉዞውን ማስረጃ ታጠፋለችና። ከመግባታችን በፊት የሰሌዳውን ቁጥር እንይ፤ «የመድን ወረቀትህ ተሳፋሪን ይጨምራል ወይ?» ብለን በትሕትና እንጠይቅ። አደጋ ከደረሰ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ሳይመዘግብ፥ የሐኪም ማስረጃም ሳንይዝ በሽምግልና ብቻ አንለያይ። ሾፌሩም በጥያቄያችን ሊቀየም አይገባውም፤ ተሳፋሪው መድን ካለው እርሱም ቤቱን ሽጦ ከመክፈል ይድናል።

ነገ ማለዳ በአውቶቡስ ተራ በር ላይ «ስንት ነው?» የሚለው ድምፅ እንደ ልማዱ ይሰማል። ከዚያ ቀጥሎ «መድንስ አለህ ወይ፥ ወንድሜ?» የሚል አንድ ሰው ቢገኝ፥ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተሉታል። አባቶቻችን ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉት ለዚህ ነው።